ፓስወርዱ ስንት ነው?

በኮንዶሚኒየም የጎረቤትን ጠባይ ለማጥናት የግድ ዕድር መግባት አያስፈልግም። ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ስልክ አውጥቶ፣ የዋይፋይ ዝርዝሩን ማየት ይበቃል። በእኛ ብሎክ አንዱ ዋይፋዩን «ሥራ ፈልጉ» ብሎ ሰይሞታል። ከእሱ በላይ ያለው «እግዜር ያያል» ይላል። አንዷ ደግሞ «የራስሽን አስገቢ» የሚል ስም አውጥታለች። ለማን እንደተጻፈ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል፤ የተጻፈላትም አውቃ፣ እልህ ይዟት የራሷን አስገባች፤ መልሷንም እዚያው ስሙ ላይ ጻፈች። መልሱ እዚህ ባይደገም ይሻላል። ሁለቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ግን ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው፣ «ልጆች ደህና?» ተባብለው ነው የሚለያዩት። ጠቡ ያለው አየር ላይ ነው።

ስድቡ እንዲህ ያጠረውም በጨዋነት አይደለም። ለዋይፋይ ስም የተፈቀደው ቦታ 32 ባይት ብቻ ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ይበላል፤ ስለዚህ በአማርኛ ለመሸንቆጥ የተፈቀደልን አሥር ፊደል ነው። ለአሽሙር ይበቃል፤ ለማብራሪያ አይበቃም።

የቀሩት ጎረቤቶች ፋብሪካው ያወጣላቸውን ስም እንደያዙ ይኖራሉ፦ የአምራቹ ስም፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ማንም በቃሉ የማይዘው የፊደልና የቁጥር ክምር። ጨዋ ይመስላሉ፤ ዝምታቸው ግን ብዙ ይናገራል። ራውተሩ የማን ሥሪት እንደሆነ ለአላፊ አግዳሚው እየነገረ ነው። ደግሞም ራውተሩ የሚስጥር ቁልፉን የሚያወጣው ከፓስወርዱ ብቻ ሳይሆን ፓስወርዱንና ስሙን አንድ ላይ 4,096 ጊዜ ፈጭቶ ነው። ስሙ ብዙ ቤት የሚጋራው ከሆነ፣ ተንኮለኛ ሰው ስሌቱን አስቀድሞ ሠርቶ ሊጠብቅ ይችላል። ስም መቀየር ጥቂትም ቢሆን ይረዳል ማለት ነው። ብቻ የብሎክና የቤት ቁጥር አታድርጉት፤ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ለማያውቅ ሰው አቅጣጫ ማሳየት ይሆናል።

ስሙን ጨርሶ መደበቅም ይቻላል፤ ሴቲንጉ ውስጥ አንዲት ምልክት ማንሳት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ለጥቂት ቀን በጣም ብልጥ የሆነ ይመስለዋል። የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ራውተሩ ስሙን መናገር ሲተው ፈላጊው ስልኩ ራሱ እንደሚሆን ነው። ብዙ ስልኮች የተደበቀ ዋይፋይ ካስተዋወቋቸው፣ መርካቶ መሀልም ይሁን ሚኒባስ ውስጥ «እገሌ ዋይፋይ አለህ? እገሌ ዋይፋይ አለህ?» እያሉ ይጣራሉ። ቤት ውስጥ የደበቁትን ስም ይዞ ከተማ ለከተማ ማስለፈፍ ነው።

ስም ቢበዛ ገበና ያወጣል፤ ቤቱን የሚከፍተው ፓስወርዱ ነው። የእኛ ሰፈር ፓስወርድ ደግሞ የሚወለደው በጥድፊያ ነው። ቴክኒሻኑ ግድግዳ በስቶ፣ ገመዱን ስቦ፣ መብራቶቹ አረንጓዴ ከሆኑለት በኋላ፣ አንድ እግሩን በር ላይ አድርጎ «ፓስወርድ ምን ይሁንልዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀም። ልጅ ሲወለድ እንኳን ስም ለማውጣት ቀን ተሰጥቶት ነበር። ሲያመነታ፣ ቴክኒሻኑ ሌላ ቤት የሚጠብቀው ሰው ነውና «ስልክ ቁጥርዎን ላድርገው?» ይለዋል። «ተባረክ፣ እሱን አድርገው።» በዚያች ቅጽበት የቤቱ ምስጢር፣ ታች ብረት በሩ ላይ «ያገለገለ ፍሪጅ የሚሸጥ» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ለወራት ተለጥፎ የከረመው ቁጥር ሆኖ ያርፋል።

ማስታወቂያው ባይኖርም አያድንም። ስልክ ቁጥር አሥር አሃዝ ነውና ሲያዩት ረጅም ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የታወቁ ናቸው፤ 09 ካልሆነ 07። የቀሩት ስምንቱ 100 ሚሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ። መቶ ሚሊዮን ለሰው ብዙ ነው። ለጌም ተብሎ የሚሸጥ ደህና የግራፊክስ ካርድ ግን በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፓስወርድ ይሞክራል፤ አቦሉ ሳይቀዳ በ09 የሚጀምሩትን ሁሉ ጨርሶ ወደ 07 ይሻገራል። የልደት ቀንማ አይነሣ። የመቶ ዓመት ቀኖች በሙሉ ቢሰበሰቡ ከሠላሳ ሰባት ሺህ ያንሳሉ፤ በጳጉሜን የተወለደም ከዚህ አያመልጥም።

ግምቱን የሚሞክረው ሰው ደግሞ በራችን ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ አይደለም። ስልካችን ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ የሚለዋወጡትን አጭር ሰላምታ ከአየር ላይ ቀድቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሥራውን የሚሠራው እዚያ ጋቢ ለብሶ ነው። ራውተሩ «ተሳስተሃል» የሚልበት ዕድል እንኳ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደብልዩፒኤ3 የሚባለው አሠራር ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ በእሱ እያንዳንዱ ግምት ራውተሩ ፊት ቀርቦ መሞከር አለበት። ራውተራችሁም ስልካችሁም የሚያውቁት ከሆነ እሱን ምረጡ። ካልሆነ ደብልዩፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር ይበቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ደብልዩኢፒ የሚል አሮጌ ምርጫ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ድክመቱ የተጋለጠ፣ በ2007 ደግሞ የዳርምሽታት ተመራማሪዎች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከፍተው ያሳዩት ነው።

ታዲያ ፓስወርዱ ምን ይሁን? ከ8 እስከ 63 ምልክት ይፈቀዳል፤ ፊደሉ ግን የላቲን ብቻ ነው። ስሙን በራሳችን ፊደል መጻፍ እንችላለን፤ ፓስወርዱን በራሳችን ፊደል አይቀበለንም። መጀመሪያ ሲያዩት በደል ይመስላል። ሲያስቡት ግን በረከት ነው፤ ምክንያቱም አማርኛን በላቲን የምንጽፍበት አንድ ወጥ ሥርዓት የለንም። «ቀ»ን አንዱ በኪው ይጽፋታል፣ ሌላው በኬ፤ «ጸ» ለአንዱ ሁለት ፊደል ናት፣ ለሌላው አንድ። «በርጩማ ጎመን ሐዋሳ ምስማር» ዓይነት ምንም ዝምድና የሌላቸው አራት አምስት ቃላት እንደየልማዳችን ብንደረድር፣ ገማቹ ኮምፒውተር የጫነው መዝገበ ቃላት ገና ከበርጩማው አይነሣም። ተረትና ምሳሌ ግን ይቅርባችሁ። እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

ችግሩ ለእንግዳ ሲነገር ነው።

«በርጩማ።»

«ጩ በሲ ኤች ነው?»

«በሲ ኤች። ከዚያ ዩ።»

«ማ ላይ ኤ አንድ ነው ሁለት?»

«አንድ። ቀጥሎ ጎመን።»

«ጎመን ምን አመጣው?»

«ፓስወርድ ነው፣ ዝም ብለህ ጻፍ።»

«አልገባም ይላል።»

«ሐዋሳን በደብልዩ ነው ወይስ በቪ የጻፍከው?»

እንግዳው ደክሞት ስልኩን ያቀብላል፤ እኛ እንጽፍለታለን፤ ጉዳዩም ያበቃል። ያበቃል ስል ለእኛ ማለቴ ነው። ፓስወርድ በሰፈራችን የሚወጣው ተሰብሮ አይደለም፤ ተሰጥቶ ነው። ያ ሁሉ የግራፊክስ ካርድ ሒሳብ እውነት ነው፤ ግን እኔ እስከዛሬ ጎረቤቱን በግራፊክስ ካርድ የሰበረ ሰው አላየሁም። ያየሁት ቡና ሲጠጣ ፓስወርድ የጠየቀ ሰው ነው። ደግሞ እምቢ አይባልም። እንጀራ አልቋል ማለት ያሳፍራል እንጂ ይቻላል። ፓስወርድ አልሰጥም ያለ ሰው ግን ስስቱ ለሰባት ዓመት ይወራል። ስለዚህ ሰዉ ሰበብ አበጅቷል። ዋነኛው «እኔ አላውቀውም፣ ልጁ ነው የሚያውቀው» የሚለው ነው፤ ልጁ ደግሞ ሁልጊዜ ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ነው፤ ይህን የሚሉት ቴሌቪዥናቸው ከጀርባቸው ዩቲዩብ እያጫወተ ነው።

የእህቴ ልጅ አንድ እሁድ መጣ፤ ፓስወርድ ተሰጠው። ወዲያው ደረጃው ላይ የማላውቃቸው ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው መቀመጥ ጀመሩ። ሳልፍ ብድግ ብለው «ደህና ዋሉ ጋሼ» ይሉኛል፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሌባ ዓይቼ አላውቅም። ነገሩን ስመረምር፣ ለካ አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የተገናኘበትን ዋይፋይ በኪውአር ኮድ ለሌላ ስልክ የሚያሳልፍበት ምርጫ አለው። በርጩማም ጎመንም መጻፍ አያስፈልግም፤ ካሜራ መደቀን ብቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጃችን፣ ቁጥር 958/2008፣ ሳይፈቀድ የሰው ኔትወርክ ውስጥ መግባትን ይከለክላል። እነዚህ ግን በእህቴ ልጅ ተፈቅዶላቸዋል፤ ለእህቴ ልጅ የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ እኔንም ያስፈቀደኝ ይሉኝታ ነው። አዋጁ ይሉኝታን አልከሰሰም። መስመሩ ግን በስሜ ነው፤ እነሱ በእሱ ምን እንደሚያወርዱ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ የሚጠየቅ ሰው ከመጣ ግን የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው።

በዚህ ጉዳይ ቆራጥ ሆነው ያየሁት ከሥር ያሉትን ጋሼን ብቻ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ኢንተርኔቱ ሲዘገይባቸው እንደ እኛ አላማረሩም፤ መዝገብ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ማን ገባ ማን ወጣ የሚል መዝገብ የለውም?»

«አለው ጋሼ።»

ራውተራቸው ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ በፕላስቲክ አበባና በልጃቸው የምረቃ ፎቶ መካከል ቆሟል። ገልብጠን ከሥሩ የተለጠፈውን አነበብን፦ 192.168.1.1።

«የማን ስልክ ነው?»

«ስልክ አይደለም ጋሼ። የራውተሩ የራሱ አድራሻ ነው። እዚሁ ቤትዎ ውስጥ ብቻ የሚሠራ፤ ጎረቤትም ቤት ይኸው ቁጥር ሊሆን ይችላል።»

ብሮውዘር ላይ ጻፍነው፤ ስምና ፓስወርድ ጠየቀን። ስሙ «አድሚን»፣ ፓስወርዱም «አድሚን»። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ማን አወጣው?»

«ፋብሪካው።»

«ለስንት ሰው?»

«ለገዛው ሁሉ።»

«እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ኦዲት አድርጌ አላውቅም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው የሚቀይረው የዋይፋዩን ፓስወርድ ነው፤ ያ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባ ነው። ይኼኛው ግን ወደ ራሱ ወደ ራውተሩ የሚያስገባ ሌላ ፓስወርድ ነው፤ እሱን የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ፓስወርድ ያነባል፣ ይቀይራል፣ እኛንም ከቤታችን ዋይፋይ ያስወጣናል። እንዲያውም ብልጥ ከሆነ አያስወጣንም። ስልካችን የባንክን ስም ይዞ «አድራሻው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ዲኤንኤስ የሚባል አገልጋይ አለ፤ የትኛው አገልጋይ እንደሚጠየቅ የሚወስነው ራውተሩ ነው። እሱን ለውጦ ወደ ራሱ አገልጋይ ያዞረን ሰው፣ ባንክ ስንል ባንክ የሚመስል የራሱን ገጽ ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ብራዚል ውስጥ 4.5 ሚሊዮን ያህል ሞደሞች ላይ የተደረገው ይኸው ነው። እዚያ መግቢያው የሞደሞቹ የራሳቸው ጉድለት ነበር፤ «አድሚን አድሚን» የሚል ቤት ግን ጉድለት መፈለግ እንኳ አያስፈልገውም።

ጋሼ ወሬ ይወዳሉና የሚራይንም ነገር ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ስድሳ ያህል የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ የያዘች፣ ሚራይ የምትባል ፕሮግራም ጻፉ፤ ፕሮግራሟ በየአገሩ ያሉ የደኅንነት ካሜራዎችንና ራውተሮችን በእነዚሁ እየሞከረች ሠራዊት አደረገቻቸው። ልጆቹን ያነሣሣቸው ማይንክራፍት የሚባል የልጆች ጌም ነበር፤ ጌሙን የሚያስተናግዱ ተፎካካሪዎችን ከገበያ ለማስወጣት ነው። ኮዱን በአደባባይ ከለቀቁት በኋላ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 በዚያችው ፕሮግራም በተሰነዘረ ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ለብዙ አሜሪካውያን ጠፍተው ዋሉ። ጋሼን የገረማቸው ጥቃቱ አይደለም።

«ስድሳ ፓስወርድ ብቻ?» አሉ። «የዓለም ሕዝብ ምነው እንዲህ ሰነፈ?»

የአድሚኑን ፓስወርድ ቀየርን። እሳቸውም ደብተር አውጥተው በቀይ እስክሪብቶ ጻፉት፤ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆለፉት። ስለ ፓስወርድ አያያዝ የሚጽፉ ሰዎች ወረቀት ላይ አትጻፉ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ለመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ እስማማለሁ። ከጋሼ ሳጥን ሊሰርቅ የሚደፍር ግን ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አይሆንም።

ከዚያ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፈትንላቸው። ይህን ባናደርግ ጥሩ ነበር ይላሉ ሚስታቸው፣ እትዬ። ጋሼ ከዚያን ምሽት ጀምረው ከዜና በኋላ ኦዲት ይቀመጣሉ። አንዳንዱ መሣሪያ ጋላክሲ ይላል፣ አንዳንዱ ሬድሚ፣ አንዳንዱ ስም የለውም፤ አሥራ ሁለት ፊደልና አሃዝ ብቻ፣ በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ። ጋሼ ስም የሌለው ነገር መዝገብ ውስጥ አይወዱም። አግድ የሚለውን ነኩ። በማግሥቱ እትዬ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ፤ የሚከታተሉት ድራማ የለም። ጋሼ ያገዱት የራሳቸውን ቴሌቪዥን ነው። እትዬ አልተጨቃጨቁም፤ ስልካቸውን ይዘው «የራስሽን አስገቢ» ዘንድ ወጡና እዚያ ሆነው ጨረሱት።

ጋሼን ያሸነፋቸው ግን ሌላ ነው። ያገዱት እንግዳ ስልክ በሳምንቱ ሌላ ቁጥር ይዞ ብቅ አለ። ያ አሥራ ሁለት ፊደል የመሣሪያው መለያ ነው፤ ድሮ ከፋብሪካ እስከ መቃብር አይለወጥም ይባል ነበር። ዛሬ ግን አንድሮይድም አይፎንም ባለቤታቸውን ከሚከታተል ዓይን ለመጠበቅ ሲሉ ለየዋይፋዩ የተለያየ የፈጠራ መለያ ይሰጣሉ፤ ዋይፋዩን ረስቶ እንደገና በመግባት ወይም ሴቲንግ በመነካካት ሊለወጥ ይችላል። በመለያ ቁጥር ማገድ ጊዜ ያስገኛል እንጂ ሰው አያስቀርም። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «በእኔ ጊዜ» አሉ በመጨረሻ፣ «መታወቂያ የሚቀያይር ሰው ይታሰር ነበር።»

አንድ ነገር ግን አጥፍተን ተለያየን፤ ደብልዩፒኤስ የሚባለውን። ፓስወርድ መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው የተፈጠረ ነው፤ ቁልፍ መጫን፣ ወይም ስምንት አሃዝ ማስገባት። የቁልፉ ነገር ብዙም አይከፋም። የስምንት አሃዙ ታሪክ ግን ሊነገር የሚገባው ነው። ስምንት አሃዝ መቶ ሚሊዮን አማራጭ ነው፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ግምት ራውተሩ ፊት የሚሞከር ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ዓመታት ይፈጃል ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ስቴፋን ፊቦክ የሚባል ተመራማሪ ራውተሩ ስምንቱን አሃዝ በአንዴ እንደማያይ አሳየ። የመጀመሪያዎቹን አራት ለብቻ ይመረምርና ከተሳሳቱ ወዲያው ይናገራል፤ ልክ ከሆኑ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ያሳልፋል። ከሁለተኛው ግማሽ ደግሞ የመጨረሻዋ አሃዝ ከቀደሙት በስሌት የምትገኝ ናት። እንግዲህ ለመጀመሪያው ግማሽ 10,000፣ ለሁለተኛው 1,000፤ ጠቅላላ 11,000። መቶ ሚሊዮን የተባለው አሥራ አንድ ሺህ ሆነ፤ ማሽን በሰዓታት የሚጨርሰው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ራውተሮች ግምት ሲበዛባቸው ይቆልፋሉ፤ አሮጌዎቹ አይቆልፉም፤ የእናንተ ከየትኛው እንደሆነ ከመመራመር ማጥፋቱ ይፈጥናል። እዚያው ገጽ ላይ እያላችሁ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚፈቅደውንም አጥፉት። ከቦሌ ሆናችሁ የአያትን ራውተር የምታስተዳድሩበት ምክንያት አይታየኝም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ቪፒኤንፊልተር የሚባል ተንኮል በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችና መሰል ዕቃዎች ውስጥ ገብቶ ተገኘ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ለባለቤቶቹ የሰጠው ዋናው ምክር አጭር ነበር፦ ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ኩራት ተሰማኝ። በእኛ ሰፈር ይህ ሥራ ማስታወቂያ ሳይወጣበት፣ መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር በነፃ ይከናወናል። እርግጥ ማጥፋትና ማብራቱ ያባረረው የተንኮሉን ግማሽ ነው፤ ሥሩ ይቀር ነበር። ለሥሩ ሪሴት ያስፈልጋል።

የሪሴት ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከራውተሩ ጀርባ መርፌ ብቻ የምትገባባት ቀዳዳ አለች። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ስልክ ሲደወል ከዚያ ወዲያ ያለው ድምፅ የሚያዝዘው መድኃኒት እሷን ነው፤ መስመሩ ታች መንገድ ላይ በአካፋ ተቆርጦ እንኳን «ሪሴት ያድርጉት» ይላል። ያ መርፌ ሲገባ ስሙ ወደ ፋብሪካው ስም ይመለሳል፤ አድሚን አድሚን ይሆናል፤ ደብልዩፒኤስ ይበራል፤ በርጩማውም ጎመኑም ይጠፋል። ቴክኒሻኑ ይመጣል፤ አንድ እግሩን በር ላይ አድርጎ «ፓስወርድ ምን ይሁንልዎት?» ይላል። ስለዚህ ያስተካከላችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ብዙ ራውተሮች ሴቲንጉን በፋይል አውርዶ መልሶ የሚጭን ምርጫም አላቸው፤ ጋሼ እሱንም በቀይ እስክሪብቶ መዝግበውታል።

ከእነዚህ ሁሉ ሴቲንጎች መካከል የእኛን ጠባይ የሚያውቅ አንድ ብቻ ነው፤ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባለው። የሠሩት ሰዎች ስለ ይሉኝታ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ሆኖም ለእሱ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። አንዱ ራውተር ሁለት ዋይፋይ ያወጣል። አንደኛው የቤተኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ቴሌቪዥኑ የሚተያዩበት። ሁለተኛው ኢንተርኔት ብቻ ይሰጣል፤ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ አያሳይም። ይህንን የእኛ ቤት አሠራር ከጥንት ያውቀዋል፤ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል፤ ጓዳ ግን አይገባም፣ አይግባ ተብሎም አያውቅም። በብዙ ራውተር ፍጥነቱን መገደብ፣ በአንዳንዱም በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ መወሰን ይቻላል። ፓስወርዱን በፈለጋችሁ ቀን ብትቀይሩት የራሳችሁን ዕቃ አንዱንም እንደገና ማገናኘት የለባችሁም። ማኅበር በወጣ ማግሥት፣ ልደት ባለፈ ማግሥት፣ ለቅሶ በተነሣ ማግሥት ይቀየራል። «ምነው ፓስወርዱ ተቀየረ?» ሲባል፣ «ይሄ ራውተር እኮ መብራት ሲሄድ የማያደርገው የለም» ማለት ነው።

እኔም ከፈትኩት፤ ፓስወርዱን በኪውአር ኮድ አትሜ ረከቦቱ አጠገብ አቆምኩት። ደረጃው ላይ ያሉት ወጣቶች ፍጥነቱ ሲቀንስባቸው ወደ «እግዜር ያያል» ተዛወሩ። አሁንም ሳልፍ ብድግ ይላሉ። ስሙን ደግሞ፣ ነገሩ እንደሆነው፣ «እንግዳ» አልኩት።

የእናቴ ታላቅ እህት ለበዓል መጡ። ወንበር ያዙ፣ ቡናው ተጫጫሰ፣ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ባሕር ማዶ ያለችው ልጃቸው በምስል ልትደውልላቸው ነው። ዝርዝሩን ገለጥኩላቸው።

«የትኛው ነው የእናንተ?»

«ይሄ ነው እትዬ፣ እንግዳ የሚለው።»

ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፤ አቀረቡት።

«እንግዳ?»

«ስሙ ነው እንጂ…»

«እኔ እናትህን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁ፣ ከእህቴ ልጅ ቤት እንግዳ ነኝ?»

ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ ፕሪንተሩ፣ ስለ ብራዚል የማስረዳበት ቀን አልነበረም። ባለቤቴ ጀበናውን ይዛ እንደቆመች በዓይኗ ብቻ ሴቲንጉን እንድከፍት አዘዘችኝ። ጓዳ ገብቼ፣ 192.168.1.1 ብዬ፣ ስሞቹን አስተካክዬ ወጣሁ። ያው ኔትወርክ ነው፤ ያው ገደብ አለው፤ ጓዳውንም አያሳይም። ስሙ ግን «ቤተሰብ» ሆኗል። የእኛን «መጋዘን» አልኩት።

አክስቴ ዝርዝሩን እንደገና አነበቡ፤ ፊታቸው በራ። «እሰይ፣ ቤተሰብ! ተባረክ፣ እደግ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ።» ወዲያው ገቡ፤ ልጃቸውም ደወለች። ሲጨርሱ ስልኩን አልዘጉም፤ ጣታቸው ዝርዝሩ ላይ ነው።

«ይሄ መጋዘን የሚለውስ የማነው? መብራቱ ከእናንተው እኩል ሞልቷል።»

«እሱ የማይረባ ነው እትዬ» አለች ባለቤቴ፣ ሁለተኛውን እየቀዳችላቸው። «ቀርፋፋ ነው።»